ድር ስታርች የሚጠጣው ለምንድን ነው?

አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ የዳሰሰ ሰው ያውቀዋል። ጨርቁ ደረቅ ነው፣ ሲያጥፉት ይንኮሻኮሻል፣ መታጠብ ሲጀምር ደግሞ ይለሰልስና የሳሳ ይመስላል። ብዙ ሰው «ጥራቱ ወረደ» ይላል። የወረደው ጥራቱ አይደለም፤ ክሩ ከመሸመኑ በፊት የጠጣው ስታርች በእጥበት እየለቀቀ ነው። ዛሬ ስለዚህ ስታርችና ድር ወደ ሽመና ማሽን ከመውጣቱ በፊት ስለሚደረግለት ዝግጅት ልጻፍላችሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ፋብሪካ የሚጎበኝ ሰው ግን አልፎት በቀጥታ ወደ ሽመናው አዳራሽ ይሄዳል።

ድር በቁመት ተወጥሮ ይቆያል፣ ማግ በአግድም ይገባል። የማግ ሥራ አጭር ነው፤ አንዴ ተወርውሮ ከገባ በኋላ ያርፋል። ድር ግን መከራው ብዙ ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር 20 ማግ የሚገባበት ጨርቅ እንውሰድ። ድሩ ከተጠቀለለበት ቢም እስከ ጨርቁ ጫፍ ያለው መንገድ 1.5 ሜትር ቢሆን፣ አንዷ የድር ነጥብ ይህን መንገድ እስክትጨርስ 3,000 ጊዜ ማግ ይወረወራል። በእያንዳንዱ ውርወራ ድሩ ይለጠጣል፣ ከጎረቤቱ ክር ጋር ይፋተጋል፣ ማጉን የሚመታው ማበጠሪያ መሰል ሪድም ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈገፍገዋል። ነጠላ የጥጥ ክር ራቁቱን ይህን አይችልም። ፀጉሩ ይነሳል፣ ይጠላለፋል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

የእጅ ሸማኔዎቻችን ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ለድር የሚመርጡት ጠበቅ ብሎ የከረረውን ክር ነው፤ ለስላሳው ለማግ ይሆናል። ዛሬ ብዙዎቹ ድሩን ከፋብሪካ ገዝተው ማጉን ብቻ በእንዝርት ከተፈተለው ያደርጋሉ። ድሩን ሲያደሩ መሬት ላይ በተተከሉ ችካሎች መካከል እየተመላለሱ፣ ክሮቹ ተራቸውን እንዳይስቱ እያቋረጡ ያሳልፏቸዋል። የፋብሪካው ሥራም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ተራ ማስጠበቅና እኩል መወጠር።

ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው። 160 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሴንቲ ሜትር 30 ድር ያለበት ጨርቅ 4,800 ክር ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድራት ስለማይቻል፣ ለምሳሌ ክር የተጠቀለለባቸው 600 ኮኖች መደርደሪያ ላይ ተሰቅለው አንድ ቢም ይሞላሉ፤ እንዲህ ያሉ 8 ቢሞች ኋላ አንድ ላይ ይገጣጠማሉ። ከክሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ላላ ወይም ጠበቅ ብሎ ከተጠቀለለ ያን ጊዜ ማንም አያየውም። ጨርቁ ቀለም ሲነከር ግን በቁመቱ የሚሄድ መስመር ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ማስተካከያ የለውም።

ቢሞቹ የሚገጣጠሙት ስታርች የሚጠጡበት ማሽን ላይ ነው። ክሩ በተቀቀለ ትኩስ ስታርች ውስጥ ያልፋል፣ በሁለት ሮለሮች መካከል ይጨመቃል፣ በእንፋሎት በጋሉ ሲሊንደሮች ላይ ይደርቃል። እርስ በርሱ የተጣበቀውን ደግሞ ዘንጎች ይለያዩታል። ለነጠላ የጥጥ ክር ብዙ ጊዜ ከክሩ ክብደት ከ8 እስከ 12 ከመቶ የሚሆን ስታርች ይበቃል። ማድረቁ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከልክ በላይ የደረቀ ድር ይሰባበራል፣ ስታርቹም እንደ አቧራ እየተራገፈ ማሽኑ ሥር ይከመራል። የሽመና አዳራሽ አየር ሆን ተብሎ እርጥብ የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

ይህ ሥራ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ታሪኩ ያሳያል። ኤድመንድ ካርትራይት በሞተር ኃይል የሚሠራ የሽመና ማሽን እንግሊዝ አገር ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1785 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ማሽኑ ግን ቶሎ አልተስፋፋም። አንዱ ምክንያት ስታርቹ የሚቀባው ድሩ ማሽኑ ላይ ከወጣ በኋላ ስለነበረ ነው። ጥቂት ከተሸመነ በኋላ ማሽኑ ይቆማል፣ ቀጣዩ ድር ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ለእያንዳንዱ ማሽን ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ማሽን መሆኑ ምን ጥቅም አለው? ችግሩን የፈቱት የስቶክፖርቱ ዊሊያም ራድክሊፍና አብሮት የሠራው ሸማኔ ቶማስ ጆንሰን ናቸው። በ1803 ገደማ ድሩን አስቀድሞ፣ ለብቻው፣ ሙሉውን ቀብቶ የሚያደርቅ ማሽን ሠሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ራድክሊፍና ጆንሰን ከካርትራይት እኩል ሊጠሩ ይገባል።

ሽመናው ሲያልቅ ስታርቹ ሥራውን ጨርሷል። ቤት ውስጥ በእጥበት ቀስ እያለ የሚለቀው፣ ጨርቁ ቀለም የሚነከር ከሆነ ፋብሪካ ውስጥ ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ቀለሙ ቦታ እየመረጠ ይይዛል። ለዚህ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስታርቹን ሰባብሮ በውኃ እንዲታጠብ ያደርገዋል። የታጠበው ስታርች ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ደግሞ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ ክር በተበጠሰ ቁጥር ስታርች ጨምሩ ከሚሉት ጋር አልስማማም። መጀመሪያ መታየት ያለበት ክሩ ራሱና አወጣጠሩ ነው። ሁለት ሆኖ የተገመደ ጥሩ ክርማ ብዙ ጊዜ ያለ ስታርችም ይሸመናል።