እጮኛሽን ሥራ ሲቀማሽ… የማያልቅ ፕሮጀክትና የሚያልቅ ጤና

ፍቅረኛን የሚቀማው ሌላ ሴት ወይም ሌላ ወንድ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ግን እኮ ሥራም ይቀማል! ለዚያውም ወንበር ላይ ቁጭ ተብሎ፣ ቡና እየተጠጣ የሚሠራ ሥራ። «ኮምፒዩተር መነካካት ደግሞ ምን ያደክማል?» የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ ይህን ጉድ ስሙና ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004። አንዲት ሴት ስሟን ደብቃ ግልጽ ደብዳቤ አወጣች። እጮኛዋ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተባለው ታዋቂ የኮምፒዩተር ጨዋታ አምራች ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እሷ እንደዘረዘረችው፣ መጀመሪያ «ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው» ተብሎ በሳምንት 6 ቀን መሥራት ተጀመረ። ትንሹ ጊዜ ሲያልቅ የቀኑ ሥራ 12 ሰዓት ገባ። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ በመጨረሻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን ሆነ! አንዳንድ ቅዳሜ «በርቱ» ተብለው ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃሉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፣ ማካካሻ ዕረፍት የለም። ሰውየው ቤቱ የሚገባው ራሱን እየፈለጠውና ሆዱን እያመመው ነው። ፍቅር በየት በኩል ይግባ?

ደብዳቤው አገር ምድሩን አነጋገረ። ሠራተኞቹም ኩባንያውን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሥዕልና ለቅርጽ ባለሙያዎቹ 15.6 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2006 ደግሞ ለፕሮግራመሮቹ 14.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ኩባንያው በስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። ገንዘቡ ተከፈለ እንበል። ያመለጠው እራት፣ ያልተተኛው ሌሊት ግን በዶላር አይመለስም።

የሞት ጉዞ

መቼም ሁሉም ሥራ አንዳንድ ጊዜ ይጣደፋል። ዓመት በዓል ሲደርስ ልብስ ሰፊውም አይተኛም። እዚህ የምናወራው ግን ሌላ ነው። ከመነሻው እንደማይደርስ እየታወቀ ስለሚጀመር ሥራ ነው።

አንድ አሜሪካዊ የሶፍትዌር አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፎ፣ እንዲህ ያለውን ፕሮጀክት «የሞት ጉዞ» ብሎታል። መለኪያውም ቀላል ነው። ለሥራው ዓመት ያስፈልገዋል ተብሎ 6 ወር ከተሰጠ፣ 10 ሰው ይፈልጋል ተብሎ 5 ከተመደበ፣ ወይም በተመሳሳይ ጊዜና ገንዘብ የሥራው መጠን እጥፍ ከሆነ፣ ጉዞው የሞት ነው።

«ታዲያ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ለምን ይቀበላል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ሻጩ ጨረታውን ለማሸነፍ ሲል «በ3 ወር እናደርሳለን» ብሎ ይፈርማል፤ ሠሪው ግን አልተጠየቀም። አለቃው ለበላይ አለቃ «አይቻልም» ማለት ያፍራል። ወጣቱ ደግሞ ጀግና መባል ይፈልጋል። ቢሮ አድሮ መሥራት እንደ ወንድነት ይቆጠራል። ሁሉም በልቡ እንደማይደርስ ያውቃል፤ በስብሰባ ላይ ግን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ሃምሳ ሎሚ እዚህ አይሠራም

ሥራው ሲዘገይ የአለቆች የመጀመሪያ መላ ሰው መጨመር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ይዘው መሆን አለበት። ለሎሚ እውነት ነው። ለሶፍትዌር ግን አይሆንም።

ይህን ቀድሞ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ኦኤስ/360 የተባለውን ግዙፍ ፕሮግራም ሥራ የመራ ሰው ነው። በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ሲጨመር ሥራው ይበልጥ እንደሚዘገይ አስረዳ። ለምን? አዲስ የመጣው ሰው ነገሩን እስኪያውቅ ነባሩ ሥራውን ትቶ ያስተምረዋል። ከዚያ ደግሞ መነጋገሩ አለ። 5 ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር 10 መስመር ይበቃቸዋል። 10 ሲሆኑ መስመሩ 45 ይሆናል። 20 ሲሆኑ 190! ቀኑ በወሬ አልቆ ሥራው ለሌሊት ይቀራል ማለት ነው።

እናቶቻችን ይህን ካወቁት ቆይተዋል። የእንጀራ ሊጥ ኩፍ እስኪል የራሱ ጊዜ አለው። ቡሃቃው ዙሪያ አሥር ሴት ብታቆሙ ቶሎ አይቦካም።

ዴንቨር ላይ የተቀደዱት ሻንጣዎች

ለማስረጃ ያህል አንድ ታሪክ እናንሣ። የአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሠራ፣ ሻንጣ በኮምፒዩተር እየታዘዘ በራሱ ጋሪ እንዲሄድ ታሰበ። ውሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ማረፊያው በ1993 መጨረሻ ገደማ ሊከፈት ነበር። አጥኚዎች «ጊዜው አይበቃም» ብለው አስጠንቅቀዋል። የጀርመን ሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ሰዎችም፣ የእነሱ በጣም ቀላሉ ዘዴ እንኳን 2 ዓመት እንደፈጀና ከመከፈቱ በፊት 6 ወር ሌት ተቀን እንደተሞከረ ነገሯቸው። ማን ሰማ?

በ1994 ጋዜጠኞች በተጠሩበት ሙከራ ጋሪዎቹ ተጋጩ፣ ሻንጣ ተቀደደ፣ የሰው ልብስ ሜዳ ላይ ተበተነ። ማረፊያው የተከፈተው በየካቲት 1995 ነው፤ 16 ወር ዘግይቶ። ያም ሆኖ ዘዴው እንደታሰበው አልሠራም፤ በ2005 ጭራሹን ተጣለ።

በዚያው በ2005 ደግሞ የአሜሪካው የወንጀል ምርመራ ቢሮ ኤፍ.ቢ.አይ. መዝገቦቹን በኮምፒዩተር ለማድረግ ያሠራውን ፕሮግራም ሳይጠቀምበት ትቶታል። የወጣበት ገንዘብ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሥራው እየተሠራ ሳለ ፍላጎቱ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት… እዚያ ኮድ ላይ ያደረው ሁሉ ድካሙ የት ገባ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህስ የፈሰሰውን የሚለቅምም አልተገኘ።

ጭንቅላት ሲሰክር

«እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ» የምትል ወንድሜ፣ ይህን ልብ በል። በአውስትራሊያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። ይህ በብዙ አገር መኪና እንዳይነዳ የሚከለከልበት ልክ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የምትጽፈው ኮድ የሰካራም ኮድ ነው። ጠዋት ስህተቱን ስትፈልግ ትውላለህ፣ ስለዋልክ ደግሞ ታመሻለህ። አዙሪቱ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ 745,000 ሰዎች በስትሮክና በልብ ሕመም ሞተዋል። ጃፓኖች ከሥራ ብዛት መሞትን «ካሮሺ» ብለው ስም እስከማውጣት ደርሰዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ምልክቶቹን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የማስረከቢያው ቀን ሥራው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ተወስኗል? «ለዚህ ሳምንት ብቻ» የተባለው ማምሸት ሁለተኛ ወሩን ይዟል? ደንበኛው በየሳምንቱ አዲስ ነገር ሲጨምር ቀኑ ግን አይነቃነቅም? ነባሮቹ አንድ በአንድ ሥራ እየለቀቁ ነው? ለሁለቱ እንኳን «አዎ» ካላችሁ ጉዞው የሞት ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ ከአለቃ ጋር በጩኸት መጣላት አያዋጣም። ሥራውን በዝርዝር ጻፉት፤ ከእያንዳንዱ ፊት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቀምጡ። ከዚያ «ይህ ሁሉ በዚህ ቀን አይደርስም፤ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቅር?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይቻልም» ከማለት «የቱ ይቅር» ማለት ይደመጣል። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። ነገ ጥፋተኛ ሲፈለግ ወረቀት ይናገራል።

ሕጉንም እወቁ። የእኛው አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው ለተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይመለከት፣ ከሹመት ደብዳቤ ጋር የሚመጣውን ውል አንብቦ መፈረም ነው።

ለአንቺም እህቴ አንድ ነገር ልበልሽ። አምሽቶ የሚመጣው ሁሉ ሌላ ይዞ አይደለም። ከመጠርጠርሽ በፊት «ይህ ፕሮጀክት የሚያልቀው መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ቀኑን ከነገረሽ ጠብቂው፣ አበርቺው። ቀኑ ሦስት ጊዜ ከተዛወረ ግን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ሌላ ሥራ ስለመፈለግ ተነጋገሩ። አንተም ብትሆን ዝም ብለህ አትጥፋ። «ዛሬ አልመጣም» የምትል አንዲት መልእክት ብዙ ጠብ ታስቀራለች።

በቁጠባ የሦስት ወር ወጪ የያዘ ሰው «ልቀቅ» የሚለውን ምክር መስማት ይችላል፤ ምንም ያልያዘ ግን እያለቀሰም ቢሆን ያመሻል። ስለዚህ ከደመወዛችሁ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ከዛሬ ጀምሩ። እናንተ ብትወድቁ ኩባንያው ወንበራችሁ ላይ በወሩ ሌላ ሰው ያስቀምጣል። እቤት ያለውን ወንበራችሁን ግን ማንም አይተካውም።

ቸር እንሰንብት!