ያውቁ ኖሯል? በኬንዶ ነጥብ አግኝቶ መፈንጠዝ ነጥቡን ሊያሰርዝ ይችላል

ኬንዶ ጃፓኖች በቀርከሃ ሰይፍ የሚጋጠሙበት ስፖርት ነው። ሺናይ የሚባለው ሰይፍ ከአራት የቀርከሃ ፍልጦች የተገጣጠመ ነው። በጃፓን የሰፈር ክለቦች ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በፖሊስ ጣቢያ የልምምድ ቤት ይሰባሰባሉ። ልምምዱ በባዶ እግር ስለሆነ በብዙ ክለቦች ወለሉን የሚወለውሉት ተለማማጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በማዕረግ ቅደም ተከተል ተሰልፈው ይንበረከካሉ፤ ጥቂት በዝምታ ቆይተው እጅ ይነሣሉ።

ከሁሉ የሚያምረው ትንሽ ልጅና አዛውንት በአንድ ወለል ላይ መጋጠማቸው ነው። ነባሩ ሆን ብሎ ክፍተት ይሰጣል፤ ጀማሪው እየጮኸ ይመታል። ጩኸቱ የደንቡ አካል ነው፦ ምት የሚቆጠረው ራስን፣ የእጅ አንጓን ወይም ጎንን ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ፣ ሰይፍና እርምጃ በአንድ ቅጽበት መግጠም አለባቸው። ጉሮሮ ላይ መውጋትም ነጥብ ያስገኛል፤ ለልጆች ግን አይፈቀድም። ነጥብ ያገኘ ተጋጣሚ እጁን አንሥቶ ቢፈነጥዝ ዳኞች ሊሰርዙበት ይችላሉ፤ ተሸናፊውን ማክበር ግዴታ ነውና።

ከፍተኛው ማዕረግ ስምንተኛ ዳን ነው። ለፈተናው የሚቀርበው ሰው ቢያንስ 46 ዓመት የሞላው፣ ሰባተኛውን ካገኘ በኋላም 10 ዓመት የተለማመደ መሆን አለበት።