መብራቱ ናይሮቢ፣ ክርክሩ ሎያንጋላኒ

ከቱርካና ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኩላልና በኒሮ ተራሮች መካከል፣ በሎያንጋላኒ አካባቢ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ሲነፍስ ይከርማል። እዚያ የቆሙት 365 ተርባይኖች ማማቸው 44 ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ብርቱ ስለሆነ ከዚያ በላይ መውጣት አላስፈለገም። ወደ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲመረቅ፣ በኬንያ ታሪክ ትልቁ የግል ኢንቨስትመንት ተብሎ ተወድሷል። ውዳሴው አይበዛበትም፤ ያለ ጭስ የሚገኝ ርካሽ ኃይል ለምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ያ ምድር ሳምቡሩ፣ ቱርካናና ሬንዲሌ የተባሉ ሕዝቦች ከብት፣ ፍየልና ግመል የሚያሰማሩበት፣ ድርቅ ሲመጣም ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው የሚሸሹበት የጋራ ይዞታ ነው። የማርሳቢት ካውንቲ ምክር ቤት በአደራ ይጠብቀው የነበረውን 150,000 ኤከር፣ ማለትም ከ60,000 ሄክታር በላይ መሬት፣ ጣቢያውን ላቆመው ኩባንያ በ33 ዓመት ሊዝ ሰጠ። ነዋሪዎቹ አልተጠየቅንም ብለው በ2014 ሜሩ ከተማ በሚገኘው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ክሱ የቀረበው በጊዜው ነው፤ የዘገየው ፍርዱ ነው። ኦክቶበር 2021 ፍርድ ቤቱ የይዞታ ማረጋገጫዎቹ ሕጉን ተከትለው አልተሰጡም ብሎ ሲበይን፣ ማማዎቹ ከተተከሉ ዓመታት አልፈው ነበር። ስህተቱ እንዲታረም የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጠ፤ ኩባንያው ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅም በ2023 ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ተርባይኖቹ በ2017 ቢጠናቀቁም ወደ ሱስዋ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚወስደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ማስተላለፊያ መስመር እስከ 2018 አልደረሰም። የኬንያ መንግሥትም ላልተረከበው ኤሌክትሪክ በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ከፈለ፤ ውሉ ያስገድደዋልና። ባለሀብቱና አበዳሪው መስመሩ ቢዘገይ እንኳ እንዳይጎዱ አስቀድሞ በወረቀት ታስሮላቸዋል። ለእረኛው እንዲህ ያለ አንቀጽ ማንም አልጻፈለትም። መንገድ ተሠርቷል፣ 208 ኪሎ ሜትር። የኩባንያው ፋውንዴሽን ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ ጉድጓድ ደግፏል። እነዚህ በጎ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ስጦታ ናቸው። ስጦታን ሰጪው ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ድርሻን ግን ባለድርሻው በፍርድ ቤት ይጠይቃል። ከብቶቹ ዛሬም በማማዎቹ መካከል ይግጣሉ፤ ስለዚህ የክርክሩ ልብ ሣሩ ሳይሆን ፊርማው ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ እዚያው ኬንያ ታይቷል። በካጂያዶ የሚገኘው የኪፔቶ ጣቢያ፣ 60 ተርባይንና 100 ሜጋ ዋት፣ የቆመው የማሳይ ሕዝብ አባላት በየስማቸው በያዙት መሬት ላይ ነው። ባለመሬቶቹ ራሳቸው ተዋውለው ኪራይና ከሽያጩ ገቢ ድርሻ ያገኛሉ፤ ከብታቸውንም እዚያው ያግዳሉ። ልዩነቱን ያመጣው የባለሀብቱ ደግነት አይመስለኝም፤ በእጃቸው የነበረው የይዞታ ወረቀት ነው። በኪናንጎፕ ደግሞ ስምምነት ሳይደረስ የተገፋው የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት በ2015 በተነሣው ተቃውሞ ቆሞ በዓመቱ ተሰርዟል።

ጉዳዩን የአፍሪካ ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም። በዚያው ኦክቶበር 2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፎሰን የተተከሉት ተርባይኖች የሳሚ ሕዝብ አጋዘን አርቢዎችን ባህላዊ መብት ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። በቱርካናው ጣቢያ ላይ ገንዘብ ካፈሰሱት መካከል የኖርዌይ መንግሥት የልማት ፈንድ አንዱ ነበር። ሀብታምና ሕግ አክባሪ የሚባል አገርም በገዛ ቤቱ ያው ጥያቄ ገጥሞታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ነገሩ የጎረቤት ወሬ አይደለም። የቱርካናን ሐይቅ የሚሞላው ዋናው ወንዝ የእኛው ኦሞ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫም በሶማሌ ክልል አይሻ ላይ፣ በአርብቶ አደር ምድር ተተክሏል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ ለግጦሽና ለእርሻ በነጻ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ የኬንያ ከሳሾች ከነበራቸው ያላነሰ መነሻ ነው። ስለዚህ በአርብቶ አደር ምድር ቀጣዩ የነፋስ ወይም የፀሐይ ኃይል ውል ከመፈረሙ በፊት ረቂቁ በነዋሪው ቋንቋ ይነበብ፤ ከሚሸጠው ኃይል ለጎሣዎቹ የሚደርሰው ድርሻ በቁጥር ይጻፍበት፤ አንቀበልም ካሉም እንቢታቸው ፕሮጀክቱን የሚያስቆም ይሁን።