በዓባይ ሸለቆና በሐረር አካባቢ ዓለቶች የሚገኙ የጁራሲክ ዘመን ቅሪተ አካላት

ስለ ቅሪተ አካል ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ድንቅነሽ የተገኘችበት የአፋር ምድር ነው። ይሁን እንጂ የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በዓባይ ሸለቆና በሐረር አካባቢ በሚገኙ አንዳንድ ዓለቶች ውስጥ ያሉት ቅሪቶች ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። ከእነዚህ ዓለቶች የተወሰኑት ለሲሚንቶና ለግንባታ ሥራ ስለሚቆፈሩ፣ ቅሪቱን መጀመሪያ የሚያየው ተመራማሪ ሳይሆን የካባ ሠራተኛ ወይም አርሶ አደር ሊሆን ይችላል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ የዓለቶቹን ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ለማየት ዕድል አለው። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎም በመቶዎች ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው የጁራሲክ ዘመን ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ሸፍኖ ነበር። የኖራ ድንጋዩ በዚያ ባሕር ወለል የተከማቸ ሲሆን፣ በትግራይ በምትገኘው አንታሎ ስም “የአንታሎ የኖራ ድንጋይ” ተብሎ ይጠራል። ባሕሩ ሲሸሽ በላዩ የተነጠፈው ደለል ደግሞ “የሙገር የጭቃ ድንጋይ” ይባላል። የባሕር እንስሳት ቅሪት በኖራ ድንጋዩ፣ የዳይኖሰር ቅሪት በጭቃ ድንጋዩ የሚፈለገውም ስለዚህ ነው።

ከባሕሩ እንስሳት መካከል ልዩ ታሪክ ያለው በሐረር አካባቢ ከዚያው ዘመን ዓለት የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ክፍል ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍሪድሪክ ፎን ሂዩነ እ.ኤ.አ. በ1938 ቅሪቱ ፕሊዮሳውር የተባለው አንገተ አጭር የባሕር አዳኝ እንስሳ መሆኑን ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ግን መንጋጋው የአዞ ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ መሆኑን አረጋገጠ። ዛሬ ማኪሞሳውረስ በተባለው ወገን ተመድቧል፤ የዚህ ወገን እንስሳት ጥርሳቸው ዱልዱምና ጠንካራ ስለነበረ እንደ ኤሊ ያለ ጠንካራ ልባስ ያለውን እንስሳ ለመስበር ይችሉ እንደነበር ይገመታል። ስሕተቱ ከ58 ዓመት በኋላ ሊታረም የበቃው አጥንቱ ሳይጠፋ በመቆየቱ ነው።

የዳይኖሰሮቹ ማስረጃ ግን በሙዚየም እንደሚታየው ግዙፍ አጽም አይደለም። በሙገር የጭቃ ድንጋይ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮችን ጥርስ ከዓሣ፣ ከኤሊና ከአዞ ቅሪት ጋር መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚሁ ዓለት የተገኘ የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ይፋ ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ከጁራሲክ ዘመን የተገኘ የመጀመሪያው የአጥቢ እንስሳ ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ ጥርስ በዶማ ምት ወይም በመኪና ጎማ ሥር ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል።

በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ማየት የተለመደ ስለሆነ ሥራ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። አጥንት የሚለየው ስብራቱ ላይ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ውስጠኛ ክፍል ሲታይ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ከዙሪያው ድንጋይ ይልቅ የሚያብረቀርቅ ገጽ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ቅሪቱን ሳያነሣና ሳያጥብ፣ አጠገቡ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ቢያነሣው ይመረጣል። ከቦታው የተነሣ ጥርስ ከየትኛው የዓለት ንጣፍ እንደመጣ ካልታወቀ ዕድሜውን መወሰን አዳጋች ይሆናል።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃና በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል። በገጠር ላለ ሰው ቅርቡ በር የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ቅርሱን ያስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት አዋጁ ይደነግጋል። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ያገኘው ሰው ዝርዝር መግለጫ የያዘ ጽሑፍ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በማቅረብ ከጥበቃ ኃላፊነቱ ነፃ ሊሆን ይችላል።