መኪና የሚጠገንበት ግቢ እና የዝናብ ውሃ ፈቃድ በዋሽንግተን ስቴት

ከሲያትል እስከ ታኮማ ባለው አካባቢ በጭነት ማመላለሻና በሰው ትራንስፖርት የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። በአንድ መኪና የጀመረ ሰው አምስት ስድስት ሲያደርስ ግቢ ይከራያል። ግቢው ለማቆሚያ ብቻ አይቀርም፤ ዘይት ይቀየርበታል፣ ጎማ ይፈታበታል፣ መኪና ይታጠብበታል። ይህ ሲጀመር የስቴቱ የኢንዱስትሪ ዝናብ ውሃ ፈቃድ ባለቤቱን ሊመለከተው ይችላል። ፈቃዱ ታድሶ አዲሱ ቅጂ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እየተሠራበት ስለሆነ፣ የድሮውን መሳቢያ ውስጥ አኑሮ የተረጋጋ ሰው የሚያውቀው ያለፈበትን ደንብ ነው።

መጀመሪያ ዝናብ ለምን ፈቃድ አስፈለገው? ከመታጠቢያና ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ግቢና አስፋልት ላይ የወረደው ዝናብ ግን ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ዳር ፍርግርግ ገብቶ፣ ሳይጣራ፣ ወንዝና ሐይቅ ወይም የፒውጀት ሳውንድ ባሕር ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ ያገኘውን ዘይት፣ የብረት ብናኝና የጎማ ፍርፋሪ ጠርጎ ነው የሚወርደው። የፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1972 ሲወጣ በዋናነት ያነጣጠረው የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ቱቦዎች ላይ ነበር፤ የዝናብ ውሃ የራሱን አንቀጽ ያገኘው በ1987 ማሻሻያ ነው። አፈጻጸሙን አብዛኞቹ ስቴቶች ተረክበዋል፤ በዋሽንግተን ኃላፊው የስቴቱ የኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። ሕጉ አንድ ፈቃድ ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይጸና ስለሚያዝ በየጊዜው ይከለሳል። ሲከለስ ይላላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይሳሳታል። ስለ ብክለቱ የሚታወቀው እየጨመረ ነውና፤ በ2020 መጨረሻ የዚያው ስቴት ተመራማሪዎች ኮሆ የተባለውን ሳልሞን በከተማ ጅረቶች ውስጥ የሚገድለው ከመኪና ጎማ የሚመጣ 6ፒፒዲ-ኪኖን የተባለ ኬሚካል መሆኑን አሳትመዋል። ጎማ ሲያልቅ ብናኙ የት እንደሚሄድ ከዚያ በፊት ስንቶቻችን አስበን ነበር?

የጭነት ድርጅት መኪና የሚያቆምበት ግቢ በመሆኑ ብቻ ፈቃዱ አይመለከተውም፤ የሚያስገባው ጥገናው ወይም እጥበቱ ነው። አሮጌ መኪና አፍርሶ ዕቃ የሚሸጥም ይገባል። ለሕዝብ የሚሠራ ተራ ጋራዥ በአብዛኛው ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ይህ ማለት ግን የተቃጠለ ዘይት ፍርግርግ ውስጥ መድፋት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ከተሞችና ካውንቲዎችም የራሳቸው የዝናብ ውሃ ፈቃድ ስላለባቸው ኢንስፔክተር እየላኩ ግቢዎችን ያያሉ። ሥራው ሁሉ ጣሪያ ሥር የሆነና ዝናብ የሚነካው ነገር የሌለ ድርጅት ደግሞ ይህንኑ አረጋግጦ ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። ይህም ቢሆን ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል።

ፈቃድ ያወጣ ሰው ዋናው ሥራ ክፍያ አይደለም፤ የራሱን ግቢ መከታተል ነው። ብክለትን እንዴት እንደሚከላከል የሚያሳይ ዕቅድ ጽፎ እዚያው ግቢ ያስቀምጣል፣ በየወሩ ይፈትሻል፣ በየሩብ ዓመቱ ከግቢው ከሚወጣው ውሃ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው ውሃው መፍሰስ ከጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ነው የሚፈለገው። የበጋው ድርቅ አልፎ የሚመጣው የመጀመሪያው የመኸር ዝናብ ወራት ሙሉ የተከማቸውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ እሱን ማምለጥ አይቻልም። በአብዛኛው የሚለኩት የውሃው ድፍርስነት፣ ፒኤች፣ የዘይት ፊልም፣ ዚንክና መዳብ ናቸው። ለድፍርስነት ወሰኑ 25 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ ለዚንክ በሊትር 117 ማይክሮግራም፣ በምዕራብ ዋሽንግተን ለመዳብ 14 ማይክሮግራም ነው። ከወሰኑ ማለፍ በራሱ ቅጣት አያመጣም፤ ሳያስተካክሉ ዝም ማለት ግን ያመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ልኬቱ በአንድ ሩብ ዓመት ከወሰኑ ካለፈ የግቢው አሠራርና ዕቅዱ ይስተካከላሉ፤ በሁለት ሩብ ዓመት ካለፈ እንደ ጣሪያና ግድብ ያለ ግንባታ ይጠየቃል፤ ሦስት ከሆነ ውሃውን የሚያጣራ መሣሪያ መትከል ግድ ይሆናል። ለትንሽ ድርጅት ሦስተኛው ደረጃ ከባድ ወጪ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በዚህ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ ለመሥሪያ ቤቱ በሚላከው ሪፖርት ነው። «በዚህ ሩብ ዓመት ውሃ አልወጣም፣ ስለዚህ የምልከው የለም» ማለት አይሠራም፤ አልወጣም ብሎ መላክ ያስፈልጋል። ያልተላከ ሪፖርት ለማንም ክፍት በሆነው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ይህ ባዶ ቦታ አደገኛ የሚሆነው የፌዴራሉ ሕግ ተራ ዜጎችና ማኅበራትም የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ፍርድ ቤት እንዲከሱ ስለሚፈቅድ ነው። ፒውጀት ሳውንድኪፐር የተባለው የውሃ ተሟጋች ድርጅት በዚህ መንገድ ብዙ ድርጅቶችን ከሷል። በሕጉ የተቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት ለአንድ ጥሰት በቀን ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ያን ያህል ባይፈርድም፣ የጠበቃው ወጪ ብቻውን ያማል።

ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ከመጥራት በፊት ብክለቱ ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ይበጃል። ዚንክ ከፍ ካለ ጎማውን ብቻ አትጠርጥሩ፤ ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ጣሪያና አጥርም ያፈሳሉ፣ ጣሪያውን መቀባት ይረዳል። የመዳብ አንዱ ትልቅ ምንጭ ፍሬን ሸራ ነው፤ ስቴቱ በ2010 ባወጣው ሕግ በፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ የሚረዳው መጥረግ (በውሃ እያጠቡ ወደ ፍርግርጉ መስደድ አይደለም)፣ የሚያንጠባጥብ መኪና ሥር መቀበያ ማድረግ፣ በርሜልና አሮጌ ባትሪ ጣሪያ ሥር ማስገባት ነው። በእኔ ግምት ከአንድ ግቢ ችግር አብዛኛው የሚቃለለው በእነዚህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ቤት ለማሠራት ከ1 ኤከር (4,000 ካሬ ሜትር ገደማ) ያላነሰ መሬት ለሚያስቆፍር ሰው ደግሞ ሌላ፣ የግንባታ ዝናብ ውሃ ፈቃድ አለ። ማመልከቻው የዝናብ ውሃ ከግንባታው ቦታ ከመውጣቱ ቢያንስ 60 ቀን በፊት መግባት ስላለበት፣ ቆፋሪ ቀጥሮ ኋላ ማመልከት ሥራ ያስቆማል።

ግቢ ያለው ንግድ ለመግዛት የምትዋዋሉ ከሆነም ፈቃዱ ከሻጩ ወደ እናንተ በራሱ አይተላለፍም። የማስተላለፊያ ቅጽ ተሞልቶ ለኢኮሎጂ መሥሪያ ቤት መግባት አለበት። ከመፈረማችሁ በፊት የሻጩን ያለፉ ዓመታት ሪፖርቶች ከመዝገቡ አውጥታችሁ እዩ፤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ግቢ ከሆነ የማጣሪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ ጊዜው ያኔ ነው።