የመሬት ኮምጣጣነትና የጥድ ችግኝ በምዕራብ ጎጃም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ቀይ ዐፈር ጥልቅና ለዐይን ያማረ ነው። ነገር ግን በሐምሌ የተተከለ የጥድ ችግኝ ፋሲካ ሳይደርስ ሲደርቅ ብዙ ሰው በፀሐይና በከብት ብቻ ያመካኛል። የእነዚህ ጉዳት ባይካድም፣ ሥሩን አስቀድሞ የሚያደክመው የመሬቱ ኮምጣጣነት (አሲድነት) ሊሆን እንደሚችል ለመግለጽ እንወዳለን።

ኮምጣጣነት የሚለካው የዴንማርኩ ሊቅ ሶረንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ባወጣው፣ ፒኤች በሚባለው መለኪያ ነው። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች አንድ ቍጥር በወረደ መጠን ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ዐጥቦ ይወስዳል፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲውል ደግሞ ለመሬቱ የሚመለስለት ጥቂት ነው። ዩሪያን የመሰለ ማዳበሪያም ነገሩን ያባብሰዋል። ገበሬው በደከመ መሬት ላይ ግብጦ መዝራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግብጦ እንዲህ ያለውን ዐፈር ይችላልና።

ጥድና ዝግባም ቢሆኑ ጥቂት ኮምጣጣነት አይጎዳቸውም። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ በዐፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ሥሩም አጥሮና ደንድኖ ይቀራል። ይኸው አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጣብቆ ስለሚይዘው ችግኙ ምግብ እያለ ይራባል። ክረምቱን አረንጓዴ መስሎ ይከርማል፤ ከኅዳር በኋላ ግን አጭሩ ሥር ከታች ያለውን እርጥበት ሊደርስበት ስለማይችል፣ ቅጠሉ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይደርቃል።

ታዲያ በዚያው በቀይ መሬት ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ትልልቅ ጥድና ዝግባ እንዴት ኖረ? የረገፈው ቅጠል እዚያው በስብሶ ካልሲየሙን ለመሬቱ ይመልሳል፤ ብስባሹም አሉሚኒየሙን ይዞ መርዝነቱን ያበርደዋል። ከዚህም ሌላ በሥሩ ላይ የሚኖሩ ደቃቅ ፈንገሶች ፎስፈረስ ፈልገው ያቀብሉታል። በተራቆተ ኮረብታ ላይ ለሚተከል ችግኝ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከጕድጓዱ ብዛት ይልቅ በእያንዳንዱ ጕድጓድ የሚገባው ብስባሽ ሊታሰብበት ይገባል፤ ከአሮጌ ጥድ ሥር የተወሰደ አንድ እፍኝ ዐፈር ቢጨመርበትም ፈንገሱን ይዞለት ይመጣል።

የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ይረዳል። ሆኖም በችግኝ መደብ ላይ ኖራ ወይም አመድ ከበዛ ብረት ያጥረውና ቅጠሉ ይነጣል፤ ገና የበቀለውን ችግኝ ከአንገቱ የሚያበሰብሰውም በሽታ ይበረታል። ስለዚህ አስቀድሞ ዐፈሩን ማስመርመር ያስፈልጋል። ኖራው ከዐፈሩ ጋር እስኪዋሐድ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በሐምሌ ለሚተከለው በግንቦት ከጕድጓዱ ዐፈር ጋር ይደባለቃል።