የአባቴን ፒፓ ያጸዳንበት ቅዳሜ

የአባቴ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። እናቴ ቁም ሣጥኑን ስታስተካክል አንድ የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ የአባቴ መነጽር፣ ሁለት እስክርቢቶና ፒፓው ነበሩ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከሁላችንም ቀድማ ፒፓውን አነሣችና አፏ ውስጥ ከተተችው። እኔ ደንግጬ ስነጥቃት እናቴ ደግሞ በእኔ ላይ ተቆጣች። “ቀስ በይ፣ እንዳትሰብሪው!”

ሁለታችንም እውነት ነበረን። ለእናቴ ፒፓው አባቴ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ነው። ለእኔ ደግሞ የብዙ ዓመት ቅጥራንና ኒኮቲን ያጠራቀመ ስለሆነ ልጅ ባለበት ቤት እንዲሁ የሚቀመጥ አይደለም። መጣልም አልሆነልንም። እንዲጸዳ ተስማማን። እናቴ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፤ “ሽታውን ጨርሰሽ እንዳትወስጂብኝ።”

የአባት ወይም የአያት ፒፓ በቤታችሁ ካለ፣ ወይም ዛሬም ፒፓ የሚያጨስ የቤተሰብ አባል ካላችሁ፣ ከዚያ ቅዳሜ የተማርኩት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ሽቦና ጥጥ

ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይወጣዋል። እንፋሎቱ በፒፓው አንገትና አፍ ውስጥ ሲያልፍ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ከቅጥራን ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ሲውል ሲያድር ይደርቃል፣ ይመርራል፣ ቀዳዳውንም ያጠብበዋል።

ይህን የሚያወጣው ማጽጃ ቀላል ነገር ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ሲገመዱ በመካከላቸው የጥጥ ክር ይያዛል። ሽቦው እንደፈለጉ ይታጠፋል፣ ጥጡ እርጥበቱን ይመጣል። በአሁኑ መልኩ የተሠራው በ1900ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ሲሆን ጆን ሃሪ ስቴድማንና ቻርልስ ኤንጅል የተባሉ ሰዎች ፈጠራ ነው። የተለመደው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንገቱ ረጅም ለሆነ ፒፓ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አለ። ክብደት ስለሌለው ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ሸክም አይሆንም።

የቱን ልምረጥ?

ለስላሳው፦ ጥጡ ወፈር ያለ ሲሆን ለዘወትር ጽዳት የሚሆነው ይህ ነው። እርጥበትን በደንብ ይመጣል።

ሾጣጣው፦ አንዱ ጫፍ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ነው። ቀጭኑ በጠባቡ አፍ ይገባል፤ ወፍራሙ ሰፋ ያለውን አንገት ይጠርጋል። አንድ ዓይነት ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ምረጡ።

ባለሻካራው፦ በጥጡ መካከል ጠንካራ የፕላስቲክ ጸጉር አለበት። የደረቀ ቅጥራንን ለመፈቅፈቅ ጥሩ ነው፤ ከእሱ በኋላ ግን ለስላሳውን ማስከተል ያስፈልጋል።

ልጆች በመዋዕለ ሕፃናት አበባና ሸረሪት የሚሠሩበትን ባለቀለም ሽቦ ታውቁታላችሁ። መነሻው ይኸው የፒፓ ማጽጃ ነው። ለፒፓ ግን አይሆንም። ብዙውን ጊዜ ጸጉሩ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ውሃ አይመጥም፣ አልኮል ሲነካውም ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። ፒፓ የነካውን ማጽጃ ደግሞ ለልጅ መጫወቻ ፈጽሞ አትስጡ።

አጸዳዱ

ፒፓው የሚጨስበት ከሆነ መጀመሪያ ፍጹም ይቀዝቅዝ። ትኩስ እያለ አፉን ከአንገቱ መንቀል እንጨቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። አንገቱን አጥብቃችሁ ይዛችሁ አፉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞራችሁ አውጡት። የአባቴ ፒፓ በደረቀ ቅጥራን ተጣብቆ እምቢ ብሎ ነበር። ሳልታገለው ጥቂት አልኮል በአንገቱ ቀዳዳ አንጠባጥቤ ስቆይ ለቀቀ።

አልኮሉ ሊጠጣ የሚችል ዓይነት ይሁን። እኛ የተጠቀምነው እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ዳግም አረቄ ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበትን የጽዳት አልኮል አፍ ለሚነካ ዕቃ አትጠቀሙ። ማጽጃውን ነከር አድርጎ በአንገቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ማጽጃውን ሁለት እጥፍ አድርጉት። የእኛ የመጀመሪያው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ወጣ። ንጹሕ እስኪወጣ አሥራ አንድ ጨርሰናል።

አፉን በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጸዳሁት። የፈላ ውሃ ጥቁሩን የጎማ አፍ ቀለሙን ይቀይረዋል፣ አልኮል ደግሞ ግልጽ የፕላስቲክ አፍን ሊጎዳ ይችላል። ከነጭ ማዕድን የተቀረጸውንና “ሚርሻም” የሚባለውን ፒፓም አልኮል አታስነኩት።

ለጎድጓዳው እናቴ ከእንዝርቷ ቅርጫት ባዘቶ አመጣች። ጎድጓዳውን በባዘቶው ሞልተን፣ አንገቱ ውስጥ አንድ ማጽጃ ሰክተን፣ አረቄ አንጠባጠብንበትና አደረ። ጠዋት ባዘቶው ቡኒ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፋሻ ቦታ ቀናት መድረቅ አለበት። አልኮል ተቀጣጣይ ነውና እሳት አይቅረበው።

ሲጸዳ እንጨቱ ደም መስሎ ወጣ። የብዙ ፒፓዎች እንጨት በሜዲትራኒያን ዙሪያ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ከሥሩ እብጠት የሚገኝ ነው። ቁጥቋጦው በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚታየው የእኛው አስታ ነው። አባቴ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር።

ንጹሕ ሲባል ጤናማ ማለት አይደለም

የጸዳ ፒፓ የትምባሆን ጉዳት አይቀንስም። ጢሱን ወደ ሳንባ ባይስቡትም እንኳ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል። በቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚተነፍሰው ጢስም ጎጂ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ ማጨስንና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በሳሎናችን ግን ሕግ አውጪዎቹ እኛው ነን። ያገለገሉ ማጽጃዎችንም ጠቅልላችሁ ልጅና የቤት እንስሳ በማይደርሱበት ቦታ ጣሉ።

ከአራት ቀን በኋላ ፒፓውን ገጣጥሜ ለእናቴ ሰጠኋት። በአፉ ላይ የአባቴ የጥርስ ምልክት እንዳለ ነው፤ እሱን በብርጭቆ ወረቀት አላጠፋሁትም። እናቴ ጎድጓዳውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

“አለ” አለች።

አሁን ፒፓው የሚቆለፈው ቡፌ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ቁልፉ እናቴ ጋ ነው።